በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና እንዴት ይሰጣል? ለተጓዥ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ተጓዥ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናገረው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና ስለሚሰጥበት መንገድ ብቻ ነው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቪዛ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ስለ ፈተናው ግን እምብዛም አይወራም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንፈተን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ፈተና ምን እንደሆነ የምናውቅ ይመስለናል። እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር የሄድኩት።

የማስተርስ ትምህርቴን የተከታተልኩት በውሃ ምህንድስና ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያበቃ፣ አራት ወር ሙሉ የተዘጋጀሁበትን ፈተና ለመውሰድ በአንድ የየካቲት ጠዋት ከአዳራሹ በር ደረስኩ። በሩ ላይ የቆመችው ረዳት መታወቂያዬን ተቀብላ ስሜን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈለገች፤ ደግማ ፈለገች፤ አልነበረም። ከትምህርቱ አንድም ቀን አልቀረሁም፣ የቤት ሥራዎቹን ሁሉ አስረክቤያለሁ፣ ለትምህርቱም ተመዝግቤያለሁ። ለፈተናው ግን ለብቻው መመዝገብ እንደሚያስፈልግ፣ የመመዝገቢያው ጊዜም ከሳምንታት በፊት እንዳለፈ ያወቅሁት እዚያው በር ላይ ነው። ረዳቷ በትሕትና ይቅርታ ጠይቃኝ የሚቀጥለውን ተማሪ መታወቂያ ተቀበለች፤ እኔም ጓደኞቼ ሲገቡ ውጭ ቆሜ አየሁ። አራት ወር ያጠናሁትን ሃይድሮሎጂ ጠንቅቄ አውቀው ነበር፤ የማላውቀው የፈተናውን ደንብ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ ሴሚስተሩ ሲጀመር ሬጅስትራር ዘንድ ለኮርሱ ከተመዘገበ፣ ኩዊዙም፣ ሚዱም፣ ፋይናሉም ራሳቸው ተከታትለው ይመጡለታል፤ ፈተናው ተማሪውን ይፈልገዋል እንጂ ተማሪው ፈተናውን አይፈልገውም። በጀርመን ግን ፈተናውን የሚፈልገው ተማሪው ነው። መቼ እንደሚመዘገብ፣ እስከ መቼ ስሙን ከፈተናው ዝርዝር ማውጣት እንደሚችል፣ ፈተናው በምን መልክ እንደሚሰጥ፣ ቢወድቅ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድለት፣ ይህ ሁሉ «ፕሩፉንግስኦርድኑንግ» በሚባል የፈተና ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ደንብ የምክር ጽሑፍ ወይም የተማሪዎች መመሪያ ብቻ አይደለም፤ ሕጋዊ ሰነድ ነው፤ በተማሪውና በዩኒቨርሲቲው መካከል ክርክር ቢነሳ የሚታየውም እርሱ ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ የራሱ ደንብ ስላለው ሌላ ከተማ የሚማር ወዳጃችሁ የሚነግራችሁ ነገር ለእርሱ እውነት ሆኖ ለእናንተ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ ሕጋዊ ኃይል የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ የጀርመንኛው ቅጂ ነውና፣ ትርጉሙን ስታነቡ አሻሚ የመሰላችሁን ቦታ ወደ ፈተና ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከደንቡ ጎን «ሞዱልሃንድቡኽ» የሚባል የትምህርቶች መዘርዝር አለ፤ በእያንዳንዱ ትምህርት ሥር ፈተናው የጽሑፍ ይሁን የቃል፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ለፈተናው ለመቅረብ አስቀድሞ መሟላት ያለበት ነገር ምን እንደሆነ በአጭሩ ይገልጻል።

ይህን «አስቀድሞ መሟላት ያለበት» የሚለውን ነገር ልብ በሉልኝ። ጀርመኖች ውጤት የሚያዝበትን ሥራና ለፈተና ለመቅረብ ብቻ የሚያበቃውን ሥራ በሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠሯቸዋል። በተለይ በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርቶች በየሳምንቱ የሚሰጡትን የመልመጃ ወረቀቶች ሠርቶ ከጠቅላላ ነጥቡ ግማሽ ያህሉን ያላገኘ ተማሪ ለፈተና እንዳይቀርብ የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። እነዚያ ነጥቦች ግን ከመጨረሻው ውጤት ላይ አንዳች አይጨምሩም። እዚህ አገር የለመድነው ተከታታይ ምዘና ውጤቱን እያጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ፋይናል ላይ ቢከብደን በአሳይመንቱና በሚዱ እንካካሳለን። በጀርመን በብዙ ትምህርቶች ሴሚስተሩን ሙሉ ምንም ውጤት አይመዘገብም፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን፣ በ90 ወይም በ120 ደቂቃ፣ መቶ በመቶው ይወሰናል። ማንም ስለማይቆጣጠራችሁ በጥቅምትና በኅዳር ነፃ ሰው የሆናችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። የክሬዲቱን ስሌት ያየ ሰው ግን እንዲህ አያስብም፤ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሥራ ጊዜ ነው፣ በጀርመን ብዙ ጊዜ 30 ተብሎ ይሰላል፣ ስለዚህ 6 ክሬዲት ያለው ትምህርት 180 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ ክፍል ተቀምጣችሁ የምታሳልፉት ብዙውን ጊዜ ከ60 ሰዓት አይበልጥም። ቀሪው የእናንተ ነው፤ ፈተናውም የሚወጣው እናንተ ለብቻችሁ ትሠሩታላችሁ ተብሎ ከታሰበው ከዚያ ክፍል ጭምር ነው።

ስለ ውጤት አሰጣጡ ወላጆችም እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። በእኛ ዘንድ 4.00 ነጥብ የትጉህ ተማሪ ማዕረግ ነው፤ በጀርመን 4.0 የማለፊያው የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ከፍተኛው ውጤት 1.0 ሲሆን፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ውጤቱ እየወረደ ይሄዳል፤ 5.0 ደግሞ መውደቅ ነው። ልጃችሁ ደውሎ «1.3 አገኘሁ» ቢላችሁ ደስ ይበላችሁ። ከዚህ ይዛችሁ የምትሄዱት ነጥብ እነርሱ «የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር» በሚሉት ስሌት ይለወጣል፤ ከከፍተኛው ነጥብ ላይ ያገኛችሁት ይቀነሳል፣ ልዩነቱ በከፍተኛውና በማለፊያው ነጥብ መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል፣ በ3 ይባዛል፣ 1 ይደመርበታል። በዚህ መሠረት፣ ማለፊያው 2.00 በሆነበት ሥርዓት 3.2 ይዞ የተመረቀ ሰው 2.2 ሆኖ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እዚህ አንድ ኮርስ ላይ ኤፍ ያገኘ ተማሪ ያዝናል፣ ኮርሱን ደግሞ ይወስዳል። በጀርመን አንድን ፈተና መውሰድ የሚፈቀደው በቁጥር ነው፤ በብዙ ደንቦች ሦስት ጊዜ፣ በአንዳንዶቹም ሁለት ጊዜ ብቻ። የመጨረሻውን ዕድል የተጠቀመና የወደቀ ተማሪ፣ ትምህርቱ ግዴታ ከሆነ፣ በዚያ ዘርፍ የመፈተን መብቱን ለዘለቄታው ያጣል፤ ከዩኒቨርሲቲው ይሰናበታል፣ ያንኑ ዘርፍ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም በአብዛኛው አይቻለውም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በትምህርቱ ላይ የቆመ ስለሆነ ነገሩ ወደዚያም ይደርሳል። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሙከራ ዋጋ እንዳለው ካወቃችሁ ሳትዘጋጁ «ልሞክረው» ብላችሁ አትገቡም ብዬ ነው። ተመዝግቦ፣ በጊዜው ስሙን ሳያወጣ ከፈተና የቀረ ሰው 5.0 ይመዘገብበታል፤ ከሙከራዎቹም አንዱ ይቆጠርበታል።

ሕመም ግን በቂ ምክንያት ነው፤ የእኛ ልጆች የሚጎዱትም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት ይዟቸው፣ ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው፣ «ሰነፍ ነው ይሉኛል፣ ፈርቶ ነው የቀረው ይሉኛል» በሚል ይሉኝታ ተነሥተው የሚገቡ ተማሪዎችን አይቻለሁ። ደንቡ እንዲህ ያለውን ጽናት አያውቅም። በሽተኛ ሆናችሁ መታመማችሁን እያወቃችሁ ፈተናውን ከጀመራችሁ፣ በኋላ ታምሜ ነበር ማለት እጅግ ይከብዳል። የታመመ ሰው በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ «አቴስት» የሚባለውን የሐኪም ማስረጃ ይቀበላል፣ ሳይዘገይ ለፈተና ጽሕፈት ቤቱ ያስገባል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከሥራ ለመቅረት የሚሰጠውን የተለመደ የሕመም ወረቀት ስለማይቀበሉና የራሳቸውን ቅጽ ሐኪሙ እንዲሞላ ስለሚጠይቁ፣ ቅጹን ጤነኛ ሳላችሁ አትማችሁ ቤት አስቀምጡት።

ስለ ሰዓት አንድ ቃል። የፈተናው ማስታወቂያ 9 ሰዓት ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ይህን ታውቃላችሁ፣ በድካም ቀን ግን አእምሮ ወደ ለመደው ይመለሳልና በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ከሰዓቱ አጠገብ ሁለት የላቲን ፊደላት ታያላችሁ። «ሲ ቲ» ከሆነ ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀመራል፤ «ኤስ ቲ» ከሆነ ልክ በሰዓቱ ነው።

የጽሑፍ ፈተናውን «ክላውዙር» ይሉታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውም ሆነ የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተናው በምርጫ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የእኛ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ከአራት መካከል ለይቶ በማውጣት የሠለጠነ ነው። በክላውዙር ውስጥ ምርጫ ቢኖርም ብዙ ጊዜ ጥቂቱን ቦታ ነው የሚይዘው፤ ቀሪው ባዶ መስመር ነው። ያን ባዶ መስመር እንዴት እንደምትሞሉት የሚነግራችሁ የጥያቄው ግሥ ነው። «ዘርዝር» ከተባላችሁ ስሞቹን ጽፋችሁ እለፉ፤ ማብራራት ጊዜ ማባከን ነው። «አስረዳ» ከተባለ ምክንያትና ውጤቱ መታየት አለበት። ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት «ተወያይ» እና «ገምግም» የሚሉት ላይ ነው፤ የምናውቀውን ሁሉ መጻፍ የሚጠበቅብን ይመስለናል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ አማራጩን ሁሉ ጎን ለጎን እንደሚያስቀምጡ ታውቃላችሁ። «ተወያይ» የሚለው ጥያቄ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን አካሄድ ነው፤ አንዱ ወገን ይህን ይላል፣ ሌላው ይህን፣ ለእያንዳንዱ ማስረጃው ይህ ነው። «ገምግም» ደግሞ ከዚያ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ እናንተ ለየትኛው እንደምታደሉና ለምን እንደሆነ መጻፍ አለባችሁ። ፍርዳችሁን ብታስቀሩት ትሕትና ሳይሆን ያልተመለሰ ጥያቄ ተብሎ ነው የሚታረመው።

መጽሐፍ ይዞ መግባት የሚፈቀድባቸው ፈተናዎችም አሉ፤ ጀርመኖች ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ተሸክሞ መግባት የሚቻልበትን «ኮፈርክላውዙር»፣ የሻንጣ ፈተና፣ ይሉታል። ስሙን የሰማ ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ ካየኋቸው ፈተናዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ መልሱ ከመጽሐፉ ውስጥ የለምና፣ ገጽ በመገልበጥ ጊዜውን የጨረሰ ተማሪ ባዶ ወረቀት ያስረክባል። ሌሎች መምህራን ሁለት ገጽ በእጅ የተጻፈ አንድ ኤ4 ወረቀት ብቻ ይፈቅዳሉ። ያን ወረቀት ራሳችሁ አዘጋጁት፤ ምን ልጻፍ ምን ልተው ብሎ መምረጡ ራሱ ጥናት ነው፤ የጓደኛን ወረቀት ቀድቶ የገባ ሰው ግን ቀመሩ የት እንዳለ እንኳ ለማግኘት ይቸገራል።

የቃል ፈተናው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ። ተማሪው ከመምህሩና «ባይዚትሰር» ከሚባል አንድ ተጨማሪ ሰው ፊት ይቀመጣል፤ ይህ ሰው የሚባለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል። ፈተናው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ ተማሪው ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል፣ ተጠርቶ ሲገባ ውጤቱ ይነገረዋል። የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ በዚያ ሦስተኛ ወንበር ላይ ለበርካታ ፈተናዎች ተቀምጫለሁ፤ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ማየት ብዙ አስተምሮኛል።

አንድ ቀን የገባው ከእኛ አካባቢ የመጣ፣ በክፍሉ በትጋቱ የሚታወቅ ተማሪ ነበር። ፕሮፌሰሩ፣ ጎርፍ ወደ ግድብ ገብቶ ሲወጣ ከፍተኛው መጠኑ ለምን ዝቅ እንደሚል ጠየቁት። ተማሪው ቀመሩን አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው፣ «ጎርፉ ሲደርስ ግድቡ አስቀድሞ ሞልቶ ቢሆንስ?» አሉት። ተማሪው ዝም አለ። አንገቱን ደፋ። ፕሮፌሰሩ ጠበቁት፣ እርሳሱን ወደ እርሱ ገፋ አድርገው «ሣለው» አሉት፣ አሁንም ዝም አለ፤ በመጨረሻ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «መልስ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከፈተናው በኋላ በኮሪደሩ አገኘሁትና በአማርኛ ምን እንደገጠመው ጠየቅሁት። ውሃው ከትርፍ ውሃ ማስወጫው ከፍታ በላይ ሲወጣ ሐይቁ ለጊዜውም ቢሆን የሚይዘው ተጨማሪ ውሃ እንዳለ፣ ስለዚህ ጎርፉ መጠኑ በጥቂቱም ቢሆን እንደሚቀንስ፣ ነገር ግን ግድቡ ባዶ በሆነ ጊዜ እንደሚቀንሰው ያህል እንደማይሆን በግሩም ሁኔታ አስረዳኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «እርግጠኛ አልነበርኩም፤ በትልቅ ሰው ፊት የማላውቀውን እንዴት እዘባርቃለሁ?» አለኝ።

ይህን ወጣት ያሳደገው ጨዋነት እኔንም ያሳደገኝ ነው፤ አላፍርበትም። በቃል ፈተና ላይ ግን ዝምታ የሚተረጎመው ባለማወቅ ነው። ፈታኙ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚያነሣው ተማሪው የመጀመሪያውን በሚገባ ስለመለሰ ነው፤ ጥያቄው ሲከብድ ውጤታችሁ ወደ ላይ እየሄደ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት ሐሳባችሁ እንዴት እንደሚሄድ መስማት ነው፤ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ነገር ግን ውሃው መሄጃ ስለሚያስፈልገው...» ብሎ የጀመረ ሰው ቢሳሳት እንኳ ከግማሽ መንገድ ይመልሱታል፣ ያቃኑታል፣ ነጥብም ያገኛል። ጥያቄው ካልገባችሁ ይደገምልኝ ማለት አያስቀጣም።

ይህ ዓይነቱ ፈተና ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ውሎ ቅኔውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያደምጣል፣ ቤቱ ሲጎድል ያስቆመዋል፣ ምሥጢሩን ይጠይቀዋል፣ እዚያው ያርመዋል። ተማሪው መታረሙን እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ የሄደው ሊታረም ነው። ቆጠራና ነገራ የምንለው ይህ ልማድ ለዘመናት የኖረበት አገር ልጆች በሰው ፊት ማሰብ አይችሉም ብዬ አላምንም። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ወደ ምርጫ ፈተና ስላዘነበለ ልማዱ ከእጃችን ወጥቶ ነው። ከጓደኛ ጋር ተቀምጦ፣ በሰዓት ተይዞ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ እየመለሰ ለሁለት ሳምንት ቢለማመዱት ይመለሳል።

በሰብአዊና በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች ፈተናው ብዙ ጊዜ «ሃውስአርባይት» ነው፤ ትምህርት በማይሰጥባቸው የዕረፍት ሳምንታት ቤት ተቀምጦ የሚጻፍ፣ ብዙውን ጊዜ 15 ገጽ አካባቢ የሆነ ጽሑፍ። መጨረሻው ላይ ሥራው የራሳችሁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል ፈርማችሁ ታስገባላችሁ። በእኛ ትምህርት ቤቶች የመምህሩን ወይም የመጽሐፉን ቃል ሳያዛንፉ መመለስ ያስመሰግናል፤ በዚያ ግን ምንጩ ያልተጠቀሰ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ማታለል ተብሎ ይመዘገባል፣ ሥራውም ይወድቃል። ጀርመን በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደማትታገሥ ለማወቅ የመከላከያ ሚኒስትሩ ካርል-ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2011 የደረሰባቸውን ማስታወስ ይበቃል፤ በመመረቂያ ጽሑፋቸው ውስጥ ያልተጠቀሱ ምንባቦች ተገኝተው የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ነጠቀ፣ ከሥልጣናቸውም ለቀቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የትምህርት ሚኒስትሯ አኔተ ሻቫን በተመሳሳይ ምክንያት ማዕረጋቸውን በዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ተነጥቀው ከሥልጣን ወርደዋል። ሚኒስትር ያላለፈበትን በር ተማሪ አያልፍበትም። ዛሬ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በፊርማው ቃል ውስጥ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ መጠቀምን የሚመለከት አንቀጽ ስለጨመሩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ማግኘት ትፈልጋላችሁ። በየትምህርት ክፍሉ «ፋኽሻፍት» የሚባል የተማሪዎች ተወካዮች ማኅበር አለ፤ ብዙዎቹ የቆዩ ፈተናዎችን ሰብስበው ያስቀምጣሉ፣ ለአዲስ ተማሪም ይሰጣሉ። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ ለመጠየቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የአገሬን ልጆች ብቻ እየጠየቅሁ፣ እነርሱም እንደ እኔ ሳያውቁ።

በመጨረሻ ፈተናው ታርሞ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ያለውን ላንሳ። ማንኛውም ተማሪ የታረመ ወረቀቱን የማየት መብት አለው፤ «አይንዚኽት» ይባላል፣ ቀንና ክፍል ተቆርጦ ይነገራል። በረዳትነት በማስተምርበት ጊዜ አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ 3.7 አግኝታ ነበር፤ ይህ ከጠበቀችው በታች ነው። ወረቀትሽን ሄደሽ እዪው ብላት፣ «መምህሬን መጠራጠር ይመስላል» ብላ እምቢ አለች። ብዙ ተነጋገርን፤ በመጨረሻ ሄደች። የነጥብ ድምሩ ትክክል ነበር፣ ውጤቷም አልተለወጠም። ነገር ግን በአምስት ጥያቄዎች ላይ በጠርዙ በቀይ የተጻፈው ቃል አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘችው፤ ግምቶችሽ የት አሉ? ስሌቷ ሁሉ ልክ ነው፣ ስሌቱ የቆመበትን ግምት ግን የትም አልጻፈችም፤ እዚህ ስትማር ማንም ጠይቋት አያውቅምና። በሐምሌ በወሰደችው ሌላ ፈተና እያንዳንዱን መልስ በግምቶቹ ዝርዝር ጀመረችው፤ ውጤቷም 1.7 ሆነ።